የጋሽ ግራም ሠላሳ አንድ ደቂቃ

ጋሽ ግራም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ሚዛን ሲፈትኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የመንግሥት የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥጋ ቤት፣ ወርቅ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ ሳይሉ ይገባሉ፤ ከቆዳ ቦርሳቸው የናስ መመዘኛቸውን አውጥተው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ መርፌው እስኪረጋ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ስማቸው ሌላ ነው። አንድ ሥጋ ሻጭ «ይሄ ሰውዬ ለአንድ ግራም ብሎ እናቱን ይከሳል» ካለ ወዲህ ግን ሰፈሩ ጋሽ ግራም ብሏቸው ቀረ። እሳቸውም አልተቀየሙም። እናታቸውን በርግጥ ከሰው አያውቁም። አክስታቸውን ግን ዘይት በጎደለ ሊትር ስትሸጥ አግኝተው መዝግበዋታል፤ አክስትየዋም እስክትሞት ድረስ አላነጋገረቻቸውም።

እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚቆጣጠረው ቤተሰቡን ነው። ባለቤታቸው፣ ሰፈሩ እትዬ የሚላቸው፣ ለሠላሳ ሰባት ዓመት አብረዋቸው ስለኖሩ ችለውታል። መቻላቸው እንዴት እንደሆነ ሲጠየቁ «ግማሹን አልሰማም» ነው የሚሉት።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ጨዋታ ነው። ቁም ነገሩ የትንሿ ልጃቸው ፈተና ነው።

ልጅቷ የመድኃኒት ባለሙያ ልትሆን ጫፍ ላይ ደርሳለች። ተምራ ጨርሳለች፣ ሁለት ዓመት በሰው ፋርማሲ ተለማምዳለች፣ የቀራት የሥራ ፈቃድ ፈተና ብቻ ነው። ፈተናው የሚሰጠው ቤት ውስጥ ነው፤ በተመዘገበ ኮምፒውተር፣ በተመዘገበ አድራሻ፣ ካሜራና ማይክሮፎን ተከፍቶ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። ከማንም ጋር መነጋገር ክልክል ነው። አንድ ሰው ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈተንም። በመጀመሪያው በሁለት ነጥብ ወደቀች። እሱስ ይሁን፣ የራሷ ጥፋት ነው። በሁለተኛው ግን ስልሳ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች መብራት ሄደና ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መብራት ሲመለስ ስክሪኑ ላይ «ተፈታኟ ፈተናውን አቋርጣ ወጥታለች» የሚል ተጽፎ ጠበቃት። ልጅቷ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም ነበር። ደብዳቤ ጻፈች፣ ስልክ ደወለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

የቀረው ሦስተኛው ነው። እሱ ከከሸፈ ሁለቱን የልምምድ ዓመታት እንደገና ከሀ ትጀምራለች። የምትሠራበት ፋርማሲ ባለቤትም ቦታውን ለእሷ የሚያቆየው እስከዚያ ፈተና ድረስ ብቻ መሆኑን፣ ቅር እንዳትሰኝ ቀስ ብሎ፣ ነግሯታል።

ያን ቀን ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ አንዲት ብርጭቆ ስታጥብ ቆየች። ጋሽ ግራም በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። ብርጭቆዋ ከጸዳች ቆይታለች፤ ልጅቷ ግን አሁንም ታሻታለች። አንጀታቸውን በላችው። ሰው ማጽናናት ስለማያውቁበት ግን «መብራቱ የጠፋው ለሃያ ሁለት ደቂቃ ነው» አሏት። እሷም «እሺ አባዬ» አለች።

በማግስቱ ሳሎን ውስጥ ምክክር ተያዘ። የእትዬ ታናሽ ወንድም ሳይጠራ መጣ። ይህን አጎት ቤተሰቡ «ጄኔሬተር» ነው የሚለው፤ ለማንኛውም ችግር የሚያመጣው መፍትሔ እሱ ስለሆነ። ውሃ ሲቋረጥ ጄኔሬተር ነው። ሊፍት ሲበላሽ ጄኔሬተር ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ትዳር ሲፈርስ እንኳ «ጄኔሬተር ቢኖራቸው ኖሮ» ብሎ ጀምሮ እህቱ ዓይናቸውን ሲያፈጡበት ተወው።

«ጋሼ፣ አንድ ጄኔሬተር በረንዳው ላይ ጣል ማድረግ ነው፤ በቃ» አለ።

«በረንዳው ሰባ ሳንቲሜትር ነው» አሉ ጋሽ ግራም።

«ግማሹ ወደ ውጭ ይወጣላ።»

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቁ ልጃቸው ካለበት ከተማ በስልክ ሆኖ «ላፕቶፕ ግዙላት» አለ። ልጅቷም የተመዘገበ ኮምፒውተር ለማስቀየር ስልሳ ቀን እንደሚፈጅ፣ ፈተናው ደግሞ አርባ አምስት ቀን ብቻ እንደቀረው አስረዳችው። «ታዲያ ለምን አስቀድማችሁ» ብሎ ሲጀምር እትዬ ስልኩን ዘጉበት። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ «ዩፒኤስ የሚባል ነገር አለ» አለች። «ባትሪ ያለው ሳጥን ነው። መብራት ሲሄድ እስኪመለስ ድረስ ኮምፒውተሩን ይዞ ያቆየዋል።»

«ስንት ደቂቃ ያቆያል?» አሉ ጋሽ ግራም።

«እንደ ሁኔታው ነው።»

ጋሽ ግራም በሕይወታቸው «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ተቀብለው አያውቁም። የዚያኑ ዕለት አዲስ ደብተር ከፈቱ።

መብራት ሲሄድ ሰዓቱን ይጽፋሉ፤ ሲመጣ ይጽፋሉ። ሠላሳ ቀን ሙሉ ከቤት አልራቁም። አንድ ጠዋት ገላቸውን ሲታጠቡ መብራት ቢሄድ፣ ሳሙናውን ሳይለቃለቁ ፎጣ አገልድመው ሳሎን ድረስ ሮጡና ጻፉ። በዚያች ሰዓት እትዬን ልታነጋግር የመጣችው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም ጉዳይ ሲኖራት በደብዳቤ ነው። ሠላሳው ቀን ሲሞላ ጋሽ ግራም ቤተሰቡን ሰብስበው ውጤቱን አነበቡ። ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት፣ መብራት አሥራ አንድ ጊዜ ሄዷል። አጭሩ አራት ደቂቃ ነው። ረጅሙ ሃያ ሰባት። ለጥንቃቄ አሥር በመቶ ሲጨመርበት ሠላሳ ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ጄኔሬተር ግን ቀኑን ሙሉ ይይዝ ነበር» አለ አጎት።

ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያለው ሻጭ ፈጣን ሰው ነው። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ፋዘር፣ ይሄ ሺህ ነው።»

«ሺህ ምን?»

«ሺህ ቪኤ።»

ጋሽ ግራም መነጽራቸውን ጠርገው ሳጥኑን አገላበጡና ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበቡ። «እዚህ ደግሞ ስድስት መቶ ዋት ይላል።»

«ያው ነው ፋዘር።»

«ሺህና ስድስት መቶ ያው ነው?»

«ቪኤው ለስሙ ነው። የሚሠራው ዋቱ ነው።»

«ከፊት ኪሎ ብለህ ጽፈህ ከኋላ ስድስት መቶ ግራም ትሸጣለህ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ግራም በእርጋታ። በሥራ ዘመናቸው ቢሆን ይሄኔ ሱቁ ታሽጓል። አሁን ግን ጡረተኛ ናቸውና ደብተራቸው ላይ ከመጻፍ በቀር ምንም አላደረጉም። ሻጩ የሚጽፉትን ስላላወቀ ወንበር አቀረበላቸው። አጻጻፉ በዓለም ሁሉ እንዲሁ መሆኑን ልጃቸው ማታ አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን ዓለም ሁሉ ተሳስቷል በሚለው ጸኑ።

ስንት ደቂቃ ይይዛል ሲሉ አንዱ ሻጭ ሃያ አላቸው፣ ሌላው አንድ ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ «እስኪበቃዎት» አላቸው። ስለዚህ በማግስቱ ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑንና የዋይፋዩን ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ታክሲ ላይ ጫኑ። ሱቅ ይገባሉ፣ የራሳቸውን ዕቃ ዩፒኤሱ ላይ ይሰካሉ፣ ከግድግዳው ይነቅላሉ፣ ሰዓታቸውን ይዘው ሳጥኑ እስኪሞት ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው በአሥራ ሦስት ደቂቃ ሞተ። ሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ ደርሶ የተቃጠለ ነገር መሽተት ጀመረ፤ ሻጩም እባክዎ ይሂዱልኝ አላቸው። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ የነበረችው ዝምተኛ ሴት ናት። «ይሞክሩት» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ያዘ።

«አባቴ» አለች ሴትዮዋ ሳጥኑን ሲሸከሙ፣ «አሁን ባዶ አድርገውታል። ሙሉ ለመሆን ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይፈልጋል።»

«ስምንት ሰዓት» አሉና ጻፉት። ጻፉት እንጂ አልሰሙትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በዚያች ሰዓት ጆሯቸው ውስጥ ሠላሳ አንድ ከሚል ቁጥር በቀር ሌላ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ሳጥኑ ከልጅቷ ጠረጴዛ ስር ተቀመጠና ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አደረ። ጋሽ ግራም ሕግ አወጡ። ኮምፒውተር፣ ስክሪን፣ ዋይፋይ፤ ከነዚህ ሌላ አንድም ነገር አይሰካም። እትዬ «ፍሪጁንስ?» ቢሉ አይሆንም ተባሉ። አጎት የስልኩን ቻርጀር ሊሰካ ሲያጎነብስ እጁ ላይ ተያዘ። ይህን ሕግ በኋላ የጣሱት ራሳቸው ጋሽ ግራም ናቸው፤ እዚያ ላይ እንደርሳለን።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጋሽ ግራም ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተዋል። በሥራቸው ዘመን አንድ ደንብ ነበራቸው፤ መመዘኛ የሚፈተነው በሚሠራበት ቀን ነው። የትናንት ሙከራ ለትናንት ነው። ልጅቷ ልቧን ለማረጋጋት ታች ወርዳ ሕንፃውን እየዞረች ሳለ፣ ልክ አንድ ሰዓት ሲል ኮምፒውተሩን አብርተው ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቀሉት።

እትዬ በር ላይ መጡ። «ዛሬም?»

«ዛሬ በተለይ።»

ሳጥኑ እየጮኸ፣ ጋሽ ግራም ሰዓታቸውን እያዩ፣ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ሲሆን ዝም አለ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ፤ አንዲት አልጎደለችም። መልሰው ሰኩት። ለወራት እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ቁርሳቸውን ሲበሉ ሁሉ ፈገግ እያሉ ነበር፤ እትዬም አይተው ተገረሙ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልጅቷ ክፍሏ ገባች። ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል። «ይሞቃል» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም፣ ግንባሯ ግን ወርዝቷል። ያኔ ነው ጋሽ ግራም ሳሎን ያለውን ማራገቢያ አምጥተው፣ ሳይመዝኑ፣ ዋቱን ሳያነቡ፣ ዩፒኤሱ ላይ የሰኩት። ከዚያ በሩን ዘግተው ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ወንበር ተደርጎ ባልና ሚስት ተቀመጡ።

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ መብራት ሄደ።

ከበሩ ኋላ የሳጥኑ ጩኸት ተሰማ፤ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ቀጥሎ የማውሱ ድምፅ። ልጅቷ እየሠራች ነው። «ያዘ» አሉ ጋሽ ግራም። እትዬ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አወረዱ። ነፍሳቸው መለስ አለች። ጋሽ ግራም መብራቱ የሄደበትን ሰዓት ሊጽፉ ደብተራቸውን ገለጡ፤ ሲገልጡ ዓይናቸው በሌላ ገጽ ላይ በራሳቸው እጅ የተጻፈች ነገር ላይ አረፈች። ስምንት ሰዓት ትላለች።

ይህን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሚዛን ሲፈትኑ፣ ተፈትኖ ያለቀ አንድም ሚዛን አላዩም። መመዘኛውን ታነሳዋለህ፣ መርፌው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ሚዛኑ እንደነበረው ነው፤ መቶ ጊዜ ብትፈትነው ያው ነው። ነገር ሲፈተን ሊያልቅ እንደሚችል ጋሽ ግራም የተማሩት በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነው።

«ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ። የባላቸው ፊት አመድ መስሏል።

«ጠዋት ጨርሼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ባትሪውን። ሳጥኑ ስምንት ሰዓት መሞላት ነበረበት። የተሞላው ሁለት ሰዓት ነው። ሩቡ ነው ያለው።»

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ሰው ጥይቱ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሁሉንም ተኩሶ ይጨርሳል?»

ጋሽ ግራም የደብተሩ ጠርዝ ላይ ያሰሉ ነበር። የሠላሳ አንድ ሩብ ስምንት ደቂቃ አይሞላም። ማራገቢያው ድርሻውን ሲወስድ ስድስት ነው። ልጅቷ ይህን አታውቅም። ሠላሳ ደቂቃ አለኝ ብላ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበበች ነው።

«ሻጭዋ ናት ያታለለችን እንላታለን» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይሄ ነው» አሉ ጋሽ ግራም፤ ጫማቸውንም አወለቁ።

በሩን ሲከፍቱ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ነበር። በሩ ከጠረጴዛው በስተጎን ነው፤ ካሜራው ከልጅቷ ጉልበት በታች ያለውን አያይም። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ቦርሳ ይዘው ቀጥ ብለው የሄዱት ሰው መሬት ላይ ተኝተው በደረታቸው መሳብ ጀመሩ። ክፍሉ አራት ሜትር ነው። ወገባቸው ሁለተኛው ሜትር ላይ ያዛቸው። አረፉ። እንደገና ተሳቡ። ልጅቷ የበሩን ሲጢጥ ማለት ሰምታለች፤ ግን ዓይንን ከስክሪን መንቀል ክልክል ነውና አልዞረችም፤ የያዘችውን ጥያቄ መለሰች፣ የሚቀጥለውንም መለሰች።

ጠረጴዛው ስር ደርሰው ማራገቢያውን ነቀሉ። ከዚያ ከደብተራቸው አንድ ወረቀት በቀስታ ገንጥለው ጻፉበት። «ሦስት ደቂቃ ነው ያለሽ። ባትሪውን ጠዋት ስሞክር የጨረስኩት እኔ ነኝ። ፍጠኚ።» ከልማድ የተነሳ ፈረሙበት። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ሊያኖሩ ቀና ሲሉ መላጣቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ በላይ ብቅ አለ። ወዲያው መልሰው ዝቅ አደረጉት። ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ ነበር።

ልጅቷ ለአንድ አፍታ ወደ ታች አየች። ከዚያ ማውሱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ጋሽ ግራም ከጠረጴዛ ስር ሆነው ይቆጥራሉ። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ ላይ ማውሱ ቆመ። የሳጥኑ ጩኸት ደግሞ ያለማቋረጥ ሆነ፤ ይህ ድምፅ የሚመጣው ሊሞት ሲል መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅቷ አትነካም። ምን ትጠብቃለች? ጋሽ ግራም ጥርሳቸውን ነክሰው የወንበሩን እግር ያዙ። በመጨረሻ አንድ ጠቅ ተሰማ። ወዲያው ቀጥሎ ሌላ። ሳጥኑ ዝም አለ፣ ሁሉ ነገር ጠፋ።

«አባዬ፣ ውጣ» አለች ልጅቷ።

«ካሜራው?»

«ጠፍቷል።»

«ወገቤ እምቢ አለኝ።»

እሷ ወርዳ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ላክሽው?» አሉ።

«ልኬዋለሁ።»

«ሁሉንም መለስሽ?»

«የመጨረሻዎቹን ሃያ ሳላነብ ሁሉንም ሐ አልኳቸው።»

«መጨረሻ ላይ ለምን ቆምሽ?»

ልጅቷ ወረቀቱን እያጠፈች ትንሽ ቆየች። «አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። 'በፈተናው ወቅት ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር ወይ?' ይላል። ሳይመለስ አይላክም።»

«እና?»

«ነበረ አልኩ።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሰውን ሁሉ እውነቱን ተናገር ሲሉ የኖሩት ጋሽ ግራም፣ ምነው ልጄ ዛሬ ብቻ በዋሸች ብለው ተመኙ። መመኘታቸውንም ጠሉት። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሰምተዋል፤ ሁለቱንም ወለል ላይ አዩና «ከአባትሽ ቁመቱን ብቻ ብትወርሺ ምናለበት» አሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የቤቱ ስልክ ጮኸ። ከፈተናው ቢሮ የምትደውል ሴት ናት፤ የፈለገችው ልጅቷን ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ነው። ጋሽ ግራም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት። ልጅቷ በአንድ በኩል፣ እትዬ በሌላ በኩል ቆሙ።

«በቪዲዮው ላይ ከጠረጴዛ ስር የታየው ራስ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«ማራገቢያ ነቅሎ መውጣቱ ነበር።»

«ወረቀት ሰጥተዋታል። መልስ ነው?»

«ባትሪው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ እንደቀረው ነው የጻፍኩት። ስለ መድኃኒት የማውቀው ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ የሚለውን ብቻ ነው።»

«ወረቀቱ አለ?»

ልጅቷ አወጣችና በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችላት። ሴትዮዋ አንብባ ሳትስቅ የሆነ ነገር ስትጽፍ ተሰማ። ቀጥላ ውሳኔውን አነበበች። ተፈታኟ ራሷ ስላሳወቀች ፈተናው አይሰረዝም። ሌላው ሰው ከገባ በኋላ የተመለሰ ግን አይያዝም። «የገቡት ሦስት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ነው። እስከዚያ የመለሰችው ሰማንያ ነው። ሰባ ሁለቱ ልክ ናቸው። ማለፊያው ሰባ ነው። አልፋለች ማለት ነው። ሰዓቱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡልኝና መዝገቡን ልዝጋ።»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሽ ግራም ደብተራቸውን ገለጡ። ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ አንድ ሦስት ደቂቃ አለ። ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበበችም ቢሆን በሦስት ደቂቃ ልጅቷ አራት ጥያቄ ትመልሳለች፤ አራቱም ልክ ቢሆኑስ? ሰባ ሁለት ሲቀነስ አራት ስልሳ ስምንት ነው። ስሌቱ ሳይፈልጉት ራሱን ሠርቶ ጨረሰ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷም እያየቻቸው ነበር። በሩ መቼ እንደተከፈተ ሰምታለች፤ አባቷንም ታውቃቸዋለች። ደስታው ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ራሷን ነቅንቃ በምልክት «ተናገር» አለቻቸው።

«አርባ አንድ አይደለም» አሉ። «በሩን የከፈትኩት ሠላሳ ስምንት ላይ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«ካሜራው የሚያሳየው አርባ አንድ ነው።»

«ካሜራው ወለሉን አያይም። በወለሉ ነው የሄድኩት።»

«ስለዚህ የእርስዎ ቃል ነው። ሰዓቱን ያየ ሌላ ምስክር አለ?»

ጋሽ ግራም ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ልጅቷም ዞረች። እትዬ በዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ከግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊት ነበር፤ ሰዓቱ ከአፍንጫቸው የራቀው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ባላቸው ጫማ ሲያወልቁ እንኳ እትዬ ሰዓቱን ነበር የሚያዩት።

«እኔ ሰዓት አላየሁም» አሉ እትዬ።

«አንቺ፣ ሰዓቱ ፊትሽ ነበረ እኮ።»

«ዓይኔ ደክሟል።»

«መቼ ነው የደከመው?»

«ቆይቷል። አንተ መቼ ትጠይቀኛለህ።»

«እንግዲያው» አለች ሴትዮዋ በስልክ፣ «ምስክር የሌለውን አልመዘግብም። አርባ አንድ ነው። ፈቃዱ በአሥር ቀን ውስጥ ይደርሳታል።» ስልኩ ተዘጋ።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እትዬ የጠረጴዛውን ልብስ ያስተካክላሉ፤ ልብሱ ምንም አልሆነም። ጋሽ ግራም ባለቤታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋቸው።

«ነገ ዓይንሽን ሐኪም ጋ ወስጄ አሳይሻለሁ» አሉ።

«አሳየኝ» አሉ እትዬ።

በማግስቱ ሄዱ። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች በግራ ዓይናቸው አነበቡ፣ በቀኝ ዓይናቸው አነበቡ፤ የመጨረሻውን፣ ሰው ሁሉ የሚተወውን መስመር ሳይቀር እየሰለቻቸው አነበቡት። ሐኪሙ ተገርሞ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጽፎ ለጋሽ ግራም ሰጣቸው። ጋሽ ግራም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ በአራት አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱት። ቤት ሲደርሱ ልጅቷ «ምን አለ ሐኪሙ?» ብላ ጠየቀች።

«ትንሽ ደክሟል ብሏል» አሉ ጋሽ ግራም።